እግራችን ሩጫ ላይ፣ ዓይናችን ኳስ ላይ

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዳግማይ ትንሣኤ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከቸርችል ጎዳና ወደ ውስጥ በሚታጠፍ ቅያስ ላይ ባለች አንዲት ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ የትናንቱን ጨዋታ ይደግማል። እኔ ግን ስልኬ ላይ የለንደን ማራቶንን እከታተላለሁ። ትዕግስት አሰፋ ከፊት ከሚሮጡት ውስጥ ነች።

ውድድሩ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እስኪ ማራቶኑን አንዴ ያድርጉልን» አልኳቸው የቤቱን ባለቤት። ግማሹ ሰው ዞሮ አየኝ። እሳቸው ሪሞቱን አነሱ፣ ትንሽ አሰቡ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ልጄ፣ እኔም ባየው ደስ ይለኛል። ግን ቀየርኩት ማለት እኮ ሰው ተነሣ ማለት ነው» አሉኝ።

ትዕግስት በ2:15:50 ገባች። ሴቶች ብቻቸውን በሚሮጡት ማራቶን ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። እኛ ቤት ውስጥ ያወቅነው እኔና አጠገቤ የነበረ አንድ ልጅ ብቻ ነን።

የዚያኑ ቀን ማታ ሊቨርፑል ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርዱ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ፣ ቀይ ማሊያ በመስኮት እያውለበለቡ አለፉ። ሁለቱም ድል የተገኘው በአንድ ቀን፣ በአንድ አገር፣ በእንግሊዝ ነው። አንደኛውን ያሸነፈችው የእኛ ልጅ ነች። ጥሩንባ የተነፋው ግን ለሌላኛው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ስናወራ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ወቀሳ ነው። «የዛሬ ልጅ ጀግናውን አያውቅም» ይባላል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። የአርሰናልን ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ በስም ይነግራችኋል። የፓሪስ ኦሊምፒክን የወንዶች ማራቶን ማን አሸነፈ ብዬ ስጠይቀው ግን ትንሽ አሰበና «ቀነኒሳ?» አለኝ። ቀነኒሳ በቀለ በርግጥ ሮጧል፤ 39ኛ ነው የወጣው። ያሸነፈው ታምራት ቶላ ነው፤ በ2:06:26፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። የሚገርመው ደግሞ ታምራት ራሱ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው በሱ ቦታ የገባው። ወንድሜ የእንግሊዙን ተጠባባቂ ያውቃል፣ የእኛን ተጠባባቂ አያውቅም።

አሁን ግን ወቀሳውን ትቼዋለሁ። ኢኮኖሚክስ ከተማርኩት አንድ የቀረልኝ ነገር ቢኖር፣ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ሲያደርግ ጸባዩን ከመውቀስ በፊት የቀረበለትን ገበታ ማየት ይሻላል የሚለው ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሩቅ ሄደን እንመልከተው፤ ፊሊፒንስ ድረስ። የፊሊፒንስ ስፖርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ስም ነው፤ ማኒ ፓኪያው። በስምንት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛው ቦክሰኛ ነው። ሴናተር ሆኗል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል። አገሪቱ እስከ ፓሪስ ድረስ ካገኘቻቸው 18 የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች አሥሩ የቦክስ ናቸው። ይህን የሰማ ሰው የማኒላ ልጅ ሁሉ ከእንቅልፉ ሲነሣ ጓንት የሚያጠልቅ ሊመስለው ይችላል።

እውነቱ ሌላ ነው። ፊሊፒናውያን በየሰፈሩ የሚጫወቱት ቅርጫት ኳስ ነው። አሜሪካኖች አገሪቱን በሚገዙበት ዘመን በትምህርት ቤት በኩል አስገቡት፣ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። በእስያ የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው እዚያ ነው። በ2023 የዓለም ዋንጫው ሲከፈት ከማኒላ ወጣ ብሎ ባለው አዳራሽ 38,115 ተመልካች ገብቷል፤ በውድድሩ ታሪክ ትልቁ ቁጥር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በቁመቱ የማይታወቅ ሕዝብ ነው፣ በቅርጫት ኳስ አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም። ቦክሱ ያስከብራቸዋል፣ ቅርጫት ኳሱን ግን ይኖሩታል። ፓኪያው በሚቧቀስበት ቀን መንገዱ ጭር ይል ነበር ይባላል። በማግስቱ ግን ልጁ የሚመለሰው ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው ቅርጫት ነው፤ ምክንያቱም ቅርጫቱ አለ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ በጣም ይመሳሰላል። ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ የጀመረችው በሜልቦርን ነው፣ በ1949 ዓ.ም.። ቦክሰኛም ብስክሌተኛም ልከናል። እስከ ፓሪስ ድረስ ያገኘነው ሜዳሊያ ግን አንድ ሳይቀር የአትሌቲክስ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የጀመረው ነገር በማሞ ወልዴ፣ በምሩፅ ይፍጠር፣ በደራርቱ ቱሉ፣ በኃይሌ ገብረሥላሴ፣ በቀነኒሳና በጥሩነሽ ዲባባ በኩል እስከ ታምራት ደርሷል። ኳሱስ? ለዓለም ዋንጫ አንድም ጊዜ አልፈን አናውቅም።

ይሁን እንጂ ኳስ ለዚህ ሰፈር ባዕድ ነው ማለት ስህተት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው እዚሁ አራዳ ውስጥ ነው፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን አዲስ አበባ ከመግባቱ ጥቂት ወራት በፊት። ቸርችልን ጨርሳችሁ ለገሃር ስትደርሱ፣ ከዚያ እልፍ ብሎ ባለው ስታዲየም ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አንስተናል። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን፣ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካቋቋሙት አገሮች አንዷ ነን፤ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ መርተውታል። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ የነበረውን ደስታ የማያስታውስ የኔ ዕድሜ ልጅ የለም። ስለዚህ ኳስ መውደዳችን አይገርምም። የሚገርመው የምንወደውን ኳስ ከየት እንደምናመጣው ነው።

እኔ ነገሩን እንደ ንግድ ነው የማየው። ሩጫ የወጪ ንግዳችን ነው። እዚህ ይመረታል፤ በቆጂ፣ አሰላ፣ ሱሉልታ፣ እንጦጦ ላይ። የሚታየውና የሚጨበጨብለት ግን ለንደን፣ በርሊን፣ ቶኪዮ ነው። ኳስ ደግሞ የገቢ ንግዳችን ነው። ማንችስተር ይመረታል፣ ፒያሳ ይታያል። ቡናን እንኳ ለውጭ እንልካለን እንጂ ግማሽ ያህሉን እዚሁ ቤታችን እናፈላዋለን። ሩጫችንን ግን ከነስኒው ልከነው ቁጭ አልን።

ሰው የሚለምደው ደግሞ ደጋግሞ ያገኘውን ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 38 ሳምንት አለው። ቅዳሜ ይመጣል፣ እሑድ ይመጣል፣ ሰኞ ሥራ ቦታ መከራከሪያ ይሆናል። ክለብ አለህ፣ ባላንጣ አለህ፣ የምትበሽቅበትና የምታበሽቀው ጓደኛ አለህ። ኦሊምፒክ በአራት ዓመት አንዴ ነው። የዓለም ሻምፒዮና በሁለት ዓመት። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ የነበረው ለቅሶና ደስታ እውነት ነው፤ እናቴ አሁንም ስታወራው ዓይኗ እንባ ያቀራል። ግን በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣ እንባ የሳምንት ልማድ አይገነባም።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። ሯጮቻችን በብዛት የገበሬ ልጆች ናቸው። ኃይሌ ከአሰላ አካባቢ ደብተሩን ይዞ በሩጫ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የበቆጂ ልጆች ናቸው። የፒያሳ ልጅ ግን ሯጭ ሲለማመድ የሚያየው የት ነው? ኳስ ተጫዋች ለመሆን የጨርቅ ኳስና ሁለት ድንጋይ ይበቃዋል። ያቺን የምታህል ሜዳም ብትሆን ፎቅ እየበላት ነው፣ ያ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የአገር ውስጡ ኳስ እንኳ ከእጃችን እየራቀ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የአፍሪካን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ጠፍቶ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ከርሟል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው የት ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ! በ1954ቱ ስታዲየም በር የሚያልፍ ልጅ ያንንም ድል ያየው በስክሪን ነው። ታዲያ ሩጫውም ኳሱም በስክሪን ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ዘወትር ያለው የእንግሊዙ ከሆነ፣ ልጁ ማንን ይውደድ?

ነገሩ የፍቅር ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ ነበር። የሳምንቱ ጨዋታ ከቤቲንግ ጋር ተጋብቷል። ባለፈው የወንድሜን ሱሪ ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ አራት የተቀዳደዱ ትኬቶች አገኘሁ። በራሱ ስም አይቆርጥም፣ በሰው ነው የሚያስቆርጠው። የታክሲና የምሳ ብር ነው። «አንድ ጨዋታ ነው ያበላሸብኝ» አለኝ፤ ሁሉም የሚሉት እሱን ነው። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ ግን እኔም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ሳፈላልግ ለሰባት ወር ያህል ያንኑ ሳደርግ ከርሜያለሁ። ሒሳቡን የተማረው ሰው ካልዳነ፣ የ17 ዓመት ልጅ በምን ይድናል?

እዚህ ላይ ነው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚታወሰኝ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር አሥር ሺህ ሰው ነበር የሮጠው፤ አንደኛ የወጣው ራሱ ኃይሌ ነው። ዛሬ ያንን ቁጥር በብዙ እጥፍ አልፎታል፣ ቲሸርቱም ቶሎ ነው የሚያልቀው። ሕዝቡ ሩጫ ባይወድ ኖሮ ማን ገንዘብ ከፍሎ አሥር ኪሎ ሜትር በግፊያ ይጓዛል? የሚሮጠውም የሚጨፍረውም፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚሄደውም ሩጫውን የራሱ አድርጎታል። ችግሩ በዓመት አንድ እሑድ መሆኑ ነው። በቀሩት 51 እሑዶች ገበታው ላይ ያለው ኳስ ብቻ ነው።

መንገዱ ደግሞ አለ። ቸርችል ጎዳና ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ዳገት። ከታደሰ ወዲህ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ከጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ወይም ከሊሴ ገብረማርያም አጠገብ የቆመ ሰው ሯጩን ከታች ሲመጣ ጀምሮ ያየዋል፤ ከዚህ የተሻለ የተመልካች ወንበር ማን ይሠራል? በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወሩ መጨረሻ እሑድ ጎዳናን ለመኪና መዝጋት እንደሚቻል አሳይቷል። በወር አንድ እሑድ ጠዋት በዚህ ዳገት ላይ ውድድር ቢኖር፣ አራዳ ከቂርቆስ፣ ጉለሌ ከልደታ በክፍለ ከተማ ማሊያ ቢፎካከሩ፣ ነጥብ ቢያዝ፣ ሰኞ የምንከራከርበት ሰንጠረዥ ቢኖረን፣ ከባንክና ከመከላከያ ክለቦች አንድ ሁለት አትሌቶች መጥተው ከሰፈር ልጆች ጋር ቢሮጡ፣ ወጪው የስታዲየም ግንባታ አይደለም። ገመድ፣ ሰዓትና ጥቂት የትራፊክ ፖሊስ ነው።

ያ እስኪሆን እኔ በራሴ ጀምሬያለሁ። ሦስት እሑድ ሆነን፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድሜን ቀስቅሼ ከለገሃር ሽቅብ እንሮጣለን። የመጀመሪያው ቀን ብሔራዊ ቴአትር ጋ «በቃኝ» ብሎ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ ደረሰ። ባለፈው እሑድ እኔ ዳገቱ መሀል ትንፋሼ ቆሞ ጉልበቴን ይዤ ሳለ እሱ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እየሳቀ ሰዓት ይይዝልኛል። ስደርስ «ብሮ፣ ታምራት ቶላ ይቺን ስንት ደቂቃ ይጨርሳታል?» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን ኳስ አየን። አርሰናል ነበር የሚጫወተው።