ስም የወጣላቸው ፍየሎች

ዓርብ ከሰዓት በሳዑዲዋ ደማም መሃል ከተማ፣ ሴይኮ ሕንፃ አካባቢ፣ መተላለፊያ ይጠፋል። ሕንዱ፣ ፊሊፒኖው፣ ባንግላዴሹ፣ ኢትዮጵያዊው ሐዋላ ይልካል፣ ካርድ ይሞላል፣ ያገሩን ሰው ፈልጎ ያወጋል። በደማምና በኾበር ግቢዎች ውስጥ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ግን በዚህ ግርግር መሃል ብዙም አይታዩም። የብዙዎቹ ቀን በመዳም ጥሪ ተጀምሮ በመዳም ጥሪ ያልቃል። አገራቸውን የሚያገኙት ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው በኢሞ በሚልኩትና በሚሰሙት ድምፅ ነው።

ልብ ወለድ እንዲህ ያለውን ሕይወት ምን ያደርገዋል? መልሱ ከዚያው አካባቢ ይገኛል።

ከኾበር አጠገብ፣ ዳህራን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ደማም ቁጥር 7 የተባለው ጉድጓድ ነዳጅ በገፍ ሰጠ። በ1953 የነዳጅ ኩባንያው የአራምኮ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ደራሲው አብዱልራህማን ሙኒፍ ይህን ዘመን በ1984 ባሳተመው «የጨው ከተሞች» ውስጥ፣ ሐራን ብሎ በሰየማት ምናባዊ የወደብ ከተማ አሳየ። ሳዑዲ ቀደም ብላ ዜግነቱን ነጥቃው ነበር፤ መጽሐፉንም አገደችው። በዚያ ግዙፍ መጽሐፍ ውስጥ አሚሮችና አሜሪካውያን መሐንዲሶች ሞልተዋል። ልብ ውስጥ የሚቀረው ግን አኩብ የተባለው አርመናዊ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከሌላው ሹፌር ከራጂ ጋር መጀመሪያ ይፎካከራል፣ ኋላ የልብ ወዳጅ ይሆናል። ሲሞት ከተማው የራሱ ሰው እንደሞተበት ያዝናል። ሙኒፍ ለአንድ ስደተኛ ሹፌር ያን ያህል ገጽ መስጠቱ በራሱ ፍርድ ነው።

ከኾበር በ25 ኪሎ ሜትሩ ድልድይ ተሻግሮ ባሕሬን ይደረሳል። ሕንዳዊው ደራሲ ቤንያሚን ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የኖረው እዚያ ነው። በ2008 በማላያላም ቋንቋ ያሳተመው «የፍየል ሕይወት» ናጂብ የተባለን ሰው ይከተላል። ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሳዑዲ የገባው ናጂብ በረሃ ተወስዶ ፍየል ጠባቂ ይሆናል። መታጠቢያ ውኃ የለውም፤ የሚያናግረው ሰው የለም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ለፍየሎቹ በመንደሩ ሰዎች ስም ስም ያወጣላቸዋል፤ እየጠራም ያጫውታቸዋል። ግፉ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም አልተሸሸገም፤ አንባቢው የሚያስታውሰው ግን ሰው ሲነፈገው መንደሩን በበረሃ መሃል ዳግም የመሠረተውን አእምሮ ነው። ሲያመልጥም መንገድ የሚመራው ኢብራሂም የተባለ ሶማሊያዊ ነው። ቋንቋና አገር የማያገናኛቸውን ሰዎች ጥማት አንድ ያደርጋቸዋል።

ከኢትዮጵያውያን ደራሲያን መዓዛ መንግሥቴ በ2019 ባሳተመችው «ጥላው ንጉሥ» ተመሳሳይ ሥራ ሠርታለች። የመጽሐፉ ዋና ሰው ሒሩት ወላጅ አልባ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ያላት ሀብት አባቷ የተወላት ጠመንጃ ብቻ ነው። ያም ይወሰድባታል። ጣሊያን ሲመጣ ያቺ ገረድ አርበኛ ትሆናለች። መጽሐፉ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት ስድስት የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ ነበር።

የዓረብ አገር ሠራተኞችን በተመለከተ ግን እስካሁን ጎልቶ የሚሰማው ዜናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ በቦሌ የታየው የሻንጣና የብርድ ልብስ ሰልፍ ነበር። ዘገባው አስፈላጊ ነው፤ ግፍን ያጋልጣል። ነገር ግን የተጎዳችውን ሴት በደረሰባት ጉዳት ብቻ ያስተዋውቃታል። የማን ልጅ እንደሆነች፣ በምን እንደምትስቅ፣ የመዳሟን ልጅ በአማርኛ እሹሩሩ ስትል ምን እንደሚሰማት አይነግረንም። የእንባ ታሪክ ብቻ የሚጽፍ ሰው፣ ሳያውቀው፣ እሷን ለሁለተኛ ጊዜ ስሟን ይነሳታል።

ጽሑፉ ከየት ይጀምር ለሚል፣ ጥሬ ዕቃው በየቤቱ አለ። ኢቃማዋን (የመኖሪያ ፈቃዷን) አሠሪዋ የያዘባት ልጅ ለእናቷ «እማዬ፣ ደህና ነኝ» ብላ የላከችው ድምፅ፣ ከጀርባው የሚሰማው የዕቃ እጥበት፣ መሃል ላይ ድንገት የሚቋረጠው ወሬ ሁሉ እዚያ አለ። ስልክ ሲቀየር ግን ይጠፋል። ቤተሰቦች እነዚህን ድምፆች ያስቀምጡ፤ ድምፁን የላኩት ልጆች ከፈቀዱ ደራሲያን ቁጭ ብለው ይስሟቸው። አሳታሚዎችም ከደማምና ከኾበር የተመለሱ ሴቶች በደብተር የጻፉትን ይዘው ሲመጡ፣ በር ላይ ሳይመልሱ ተቀብለው ያንብቡላቸው።