በአርባ ምንጭ አሮጌ ሱቅ አፍርሶ አዲስ ከመሥራት በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ



አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላው በወረደበት በ1950ዎቹ ዓ.ም. እንደ ተቆረቆረች የታወቀ ነው። ከተማይቱ ሁለት ክፍል አላት፤ ይኸውም ላይኛው ሴቻ የመሥሪያ ቤቶች፣ ታችኛው ሲቀላ የገበያና የመጋዘን ሰፈር ነው። የቀደሙት ሱቆች እያረጁ፣ የመሬቱም ዋጋ እየናረ ስለ ሄደ፣ አፍርሶ መሥራት የብዙዎቻችን ሐሳብ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ስለ ተስፋፋ፣ ጉዳዩ ከዛሬ ነገ የሚባል አይደለም።

ማደስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቦታ እንደ ሸማ ታጥቦ አዲስ አይሆንም። በላዩ የሚያልፈው ውሃና ከሥሩ ያለው አፈር የቀድሞ ጠባያቸውን ይዘው ይቆያሉ።

ይህን የምጽፈው ከወሬ ተነሥቼ አይደለም። በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌ መጋዘኑን አፍርሶ አዲስ ሲሠራ፣ ፍርስራሹ ከጎኑ የነበረውን ቦይ ደፈነው። ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። በሚያዝያ ዝናብ ውሃው መሄጃ ቢያጣ ወደ ውስጥ ገባ። ሲሚንቶው ድንጋይ ሆነ፤ ጨውና ስኳሩ ባዶ ከረጢት አስቀርቶ ሄደ። የጎረቤታችንም ሱቅ ያለ ጥፋቱ ተጎዳ። የተበላሸውን ዕቃ ከመዝገብ ላይ አንድ በአንድ በቀይ ቀለም የሰረዝሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የውሃው መንገድ ይታወቅ። የቁልፎ ወንዝ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ በሲቀላ በኩል ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በደጋ የዘነበው ዝናብ በቆላ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። ባዶው ግቢ ቀድሞ የመጠጠውን ውሃ ቆርቆሮና ሲሚንቶ በአንድ ጊዜ ወደ መንገድ ይለቁታል፤ ለአሮጌው ግቢ የበቃው ቦይ ለአዲሱ ፎቅ አይበቃም። ወለሉ ቀድሞ ጎርፍ ከደረሰበት ምልክት በላይ ይሁን፤ ዕቃውም በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ መሬቱ ቀድሞ ምን ይሠራበት እንደ ነበር ይጠየቅ። ጋራዥ ወይም ነዳጅ ማደያ ከነበረ፣ ዘይት የጠጣው አፈር መመርመርና መነሣት አለበት። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከነበረም ሳይጠረግና በጠጠር ሳይደለደል በላዩ ቢሠራ ወለሉ ይሰምጣል፤ ግድግዳውም ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፣ ምንጮቹ ይታሰቡ። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችባቸው፣ ነዋሪውም የሚጠጣቸው ምንጮች የሚፈልቁት ከገደሉ ሥር ባለው ደን ውስጥ ነው። በላይ በዳገቱ የተደፋ ዘይትና ቆሻሻ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። ፍርስራሽም ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ወሰነው ስፍራ እንጂ ወደ ደኑ ዳር ወይም ወደ ቁልፎ አይጣል።

ሕጉም ይታወቅ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ደንግጓል፤ የንግድ ወይም የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም ይህ መፈጸሙን እንዲያረጋግጥ አዝዟል። ለእያንዳንዱ ትንሽ ሱቅ ግምገማው ላያስፈልግ ይችላል፤ ቢሆንም መሠረት ከተቆፈረ በኋላ ከመታገድ አስቀድሞ መጠየቅ ወጪን ያድናል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ ውሃ የይዞታ ካርታ የማያነብ መሆኑ ነው። አንዱ ነጋዴ የደፈነው ቦይ የሌላውን መጋዘን ያጠፋል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ ያሉ ባለ ሱቆች የየብቻቸውን ንድፍ ከማሠራታቸው በፊት ተሰብስበው ስለ ጋራ ቦያቸው እንዲመክሩ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱም በአንድነት እንዲቀርቡ እናሳስባለን። ምክሩ ከሚያዝያ በፊት ቢፈጸም፣ በቀይ ቀለም የሚሰረዝ ዕቃ ያንሳል።