ማሽላ ለሩጫው፣ ሰሊጥ ለማታው

ገዳሪፍን የሚያውቅ ሰው በሁለት እህል ያውቃታል፤ በማሽላና በሰሊጥ። የዚህች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ሰፊ እርሻ ከድንበሩ ወዲህ ካለው ከመተማና ከቋራ ቆላ ጋር ጥቁር አፈሩንም ሙቀቱንም ይጋራል። እኔ የተወለድኩት መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከልጅነቴ ብዙውን ገዳሪፍ ከሚነግዱ ዘመዶቼ ዘንድ አሳልፌያለሁ። ዛሬ የስፖርት መምህርና የሩጫ አሰልጣኝ ነኝ። ሯጭ ምን ይብላ ተብዬ ስጠየቅ ቶሎ የሚታወሱኝ እነዚያ ሁለት እህሎች ናቸው። ከማሽላ ውስጥ ከመቶ ሰባው እጅ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ስቡ ሦስት እጅ ያህል ቢሆን ነው። ሰሊጥ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ጉልበቱን የሚያገኘውም ከእነዚሁ ከሁለቱ፣ ከካርቦሃይድሬትና ከስብ ነው።

በቅርቡ አንድ ጎበዝ ልጅ፣ ስልኩ ላይ ያየውን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ እንጀራና ገንፎ ትቼ ቅቤና ሥጋ ብቻ ብበላ ሰውነቴ ስብ ማቃጠል ይለምዳል አሉ። እውነት ነው?» አለኝ። እውነት አለው። ይለምዳል። ግን ያፈጥነዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነውና ቁጭ ብለን አሰላነው።

ልጁ 55 ኪሎ ይመዝናል። ሰው ሲሮጥ በየኪሎ ሜትሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ያህል ያወጣል፤ ስለዚህ ማራቶን ለእሱ 2,300 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀመው ካርቦሃይድሬት ግላይኮጅን ይባላል። በደንብ የበላ ሯጭ 400 ወይም 500 ግራም ይይዛል፤ ይህም 2,000 ካሎሪ ቢሆን ነው። ስቡ ግን ቀጭን ሆኖ እንኳ ከአራት ኪሎ አያንስም፤ ወደ 40,000 ካሎሪ ማለት ነው። በ35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ ድንገት የሚታሰርበት ሯጭ ስብ አላለቀበትም። ያለቀበት ግላይኮጅኑ ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ ስብ ለምን አይጠቀምበትም? ይጠቀማል፤ ግን ቀስ ሲል ነው። በጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርዶ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚያጭደውን የቀን ሠራተኛ አስቡት። ሥራው ረጅም ነው፤ ትንፋሹ ግን ከቁጥጥሩ አይወጣም፤ ስለዚህ ከስቡ ብዙ ይወስዳል። ሩጫው ሲፈጥን የሚያጥረው ኦክስጅን ነው። አንድ ሊትር ኦክስጅን ካርቦሃይድሬት ሲቃጠልበት 5 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ ስብ ሲቃጠልበት 4.7 ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ እንደጨረሰ ለሚያውቅ ሰው ግን፣ በዚያ ፍጥነት ከመቶ ስድስት እጅ ጉልበት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ይህ በሙከራም ታይቷል። ሉዊዝ በርክ የተባለች አውስትራሊያዊት የስፖርት ምግብ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው ጥናት፣ ዓለም አቀፍ የእርምጃ ውድድር ስፖርተኞች ለሦስት ሳምንት ካርቦሃይድሬት እጅግ ቀንሰው ስብ በዛ ያለበት ምግብ ተመገቡ። ስብ የማቃጠል አቅማቸው በእጅጉ አደገ። ነገር ግን ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚፈጁት ኦክስጅን ጨመረ፤ በ10 ኪሎ ሜትር ውድድርም ካርቦሃይድሬት የበሉት ጓደኞቻቸው ሲሻሻሉ እነሱ አልተሻሻሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ድጋሚ ጥናትም ያንኑ አገኘ።

ከሁሉ የማደንቀው የቀድሞው የስዊድናውያን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በርግስትሮምና ሁልትማን የሙከራው ተሳታፊዎች ራሳቸው ሆነው በአንድ እግራቸው ብቻ ብስክሌት እየመቱ አደከሙት፤ ሌላው አርፎ ነበር። ከዚያ ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እየበሉ በየቀኑ ከሁለቱም ጭን በመርፌ ጡንቻ አወጡ። የሠራው እግር ካረፈው እጅግ የበለጠ ግላይኮጅን አጠራቀመ። ከልምምድ በኋላ ቶሎ ብሉ የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

የእኛዎቹስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አሥር ታዋቂ የኢትዮጵያ ሯጮች ለሰባት ቀን የበሉትን መዝግቦ ነበር። ከጉልበታቸው 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት፣ 23 በመቶ ያህሉ ከስብ የመጣ ነው። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 9.7 ግራም ካርቦሃይድሬት ይደርሳቸዋል። ያንን ልጅ በዚህ ብናሰላው 530 ግራም ይሆናል። ሁሉም ከማሽላ ይምጣ ቢባል ሦስት አራተኛ ኪሎ ዱቄት ነው! ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ በቤቱ ያ ሁሉ እንደማይደርሰው እኔም አውቃለሁ።

ስለ ገዳሪፍ ቁርስ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ፉል በሰሊጥ ዘይት ተደርጎ፣ ከላዩ ሽንኩርትና አይብ ሲነሰነስበት የምወደው ምግብ ነው። ግን ከከባድ ሩጫ በፊት አይሆንም፤ ዘይቱ ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል፣ ባቄላው ሆድ ይነፋል። የውድድር ዋዜማ ማታ የሱዳኖቹ ገንፎ አሲዳ ወይም የእኛው የማሽላ ገንፎ በደንብ ይበላ። ጠዋት ከመሮጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ በሶ በማር፣ ካልሆነም ዳቦና ስኳር ያለው ሻይ ይበቃል። ሙቀቱ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ ቆላ ጡንቻ ለዚያው ፍጥነት ከወትሮው የበለጠ ግላይኮጅን ይፈጃል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሮጥ ሰው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር መውሰድ ይረዳዋል። የታሸገ መጠጥ መግዛት ለማይችል፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ከ12 እስከ 15 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው በቂ ነው።

ሰሊጡን ግን አልጣለውም። ቦታው ከልምምድ በኋላ፣ በማታው ማዕድ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ ሲቀር ለጿሚ ሯጭ ሰሊጥ፣ ኑግና ተልባ ትልቅ ነገር ናቸው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ በደንብ አይመጠጡም፤ ሰውነት ሆርሞኑን ለመሥራትም ስብ ይፈልጋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የስብና የካርቦሃይድሬቱ ክርክር አይደለም፤ ሁለቱም ማነሳቸው ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሱዳን ውስጥ ከተነሣ ወዲህ በድንበር ከተማዋ በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሰደደው ሰው ብዙ ነው፤ የእኛም ወገን ኑሮው ከብዶበታል። ጠግቦ የማያድር ወጣት በየጠዋቱ 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ አጥንቱ ይሳሳል፣ ጉንፋኑ አይለቀውም። ሴቶቹ ላይ ደግሞ የወር አበባ ይቋረጣል፤ አንዳንድ አሰልጣኝ ይህን የጥሩ ልምምድ ምልክት ያደርገዋል። አይደለም፤ ሰውነቷ የሚያጠራቅመው እንዳጣ እየነገራት ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ስትገጥመኝ መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን እቀንስላታለሁ፤ ከዚያ እናቷን አነጋግሬ ወደ ጤና ጣቢያ እልካታለሁ።