ብዙ ሃርድ ዲስክ ላለበት የቤት ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ስለ መምረጥ

መጻሕፍትን ጠብቆ ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ ለሐይቅና ለአምባሰል ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ቅጂው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ይገኛል።

ዛሬ የመጻሕፍት ፎቶግራፍ፥ የተማሪዎች መዝገብና በድምፅ የተቀረጸ የሽማግሌዎች ቃል በሰርቨር ይጠበቃል። ሰርቨር ማለት ብዙ ሃርድ ዲስክ ይዞ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው። ዲስኮቹ ሁሉ ኃይል የሚያገኙት ፓወር ሰፕላይ ከሚባለው ከአንዱ ዕቃ ነው፤ እርሱም ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ 12፥ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ይለውጣል። አንድ ዲስክ ቢሞት የሚጠፋው አንድ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ክፉ ሆኖ ቢበላሽ ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በምርጫው መጠንቀቅ ይገባል።

1ኛ፤ ስለ መነሻ ኃይል።

የወፍጮ ድንጋይ አንድ ጊዜ መዞር ከጀመረ በኋላ በጥቂት ኃይል ይዞራል፤ ከቆመበት ለማስነሣት ግን ብዙ ኃይል ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። የ3.5 ኢንች ዲስክ በሥራ ላይ ሳለ 7 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በሚነሣበት ጊዜ ግን ለጥቂት ሴኮንድ ከ12 ቮልቱ መሥመር እስከ 2 አምፔር፥ ማለት 24 ዋት ያህል ይስባል። ሰርቨሩ በተከፈተ ጊዜም ዲስኮቹ ሁሉ አብረው ይነሣሉ።

2ኛ፤ ስለ ስሌቱ።

በምሳሌ እንግለጸው። አንድ መምህር 8 ዲስክ ያለው ሰርቨር ሊሠራ አሰበ እንበል። 8 ጊዜ 24 ዋት 192 ዋት ይሆናል። ዲስኮቹ ከ5 ቮልቱ መሥመር የሚወስዱትን 30 ዋት፥ ለማዘር ቦርዱና ለፕሮሰሰሩም 100 ዋት ብንጨምር ድምሩ 322 ዋት ነው። በዚህ ላይ ሩቡን ለመጠባበቂያ ስንጨምር 400 ዋት ያህል ስለሚሆን፥ ባለ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል። ባለ 1000 ዋት መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

በካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ዋት ብቻ መታመን አይገባም። በዕቃው ጎን የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቦ በ12 ቮልቱ ሥር ያለውን አምፔር መመልከት ያስፈልጋል፤ በምሳሌያችን 30 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን መልካም ነው። ዲስኮችን በየተራ የሚያስነሣ መቆጣጠሪያ ካርድ ቢገኝ ይህ ሸክም ይቀልላል።

3ኛ፤ ስለ ገመዱ።

ኃይል ቢበቃም ገመዱ ከጠበበ ይግላል። በአንድ ገመድ ላይ ከ4 ዲስክ በላይ አለመሰካት ይሻላል። ርካሹ ማከፋፈያ፥ ይልቁንም ጫፉ በፕላስቲክ ተቀልጦ የተደፈነው፥ ብዙ ጊዜ እሳት አስነሥቷልና ይቅር። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ ገመድም አይሰካ፤ መሰኪያው ቢገጥም እንኳ ውስጡ ያለው የቮልት አቀማመጥ ሊለይ ስለሚችል ዲስኮቹን ባንድ አፍታ ያቃጥላል።

4ኛ፤ ስለ መብራት መጥፋት።

የትኛውም ፓወር ሰፕላይ መብራት በጠፋ ጊዜ ሰርቨሩን ከሴኮንድ ጥቂት ክፍል በላይ ሊያቆየው አይችልም። ስለዚህ መብራት በሚጠፋበትና ቮልት ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ ሁሉ፥ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ከፊቱ ይቁም። ዩፒኤሱ ሲገዛ በቪኤ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ በዋት የተጻፈው ይታይ። ከሰርቨሩም ጋር በዩኤስቢ ገመድ ቢገናኝ፥ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። የቤቱ መስመር የመሬት ሽቦ እንዳለውም በባለሙያ ይመርመር።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ስንኳ በአንድ ቤት ያለ ሰርቨር ብቻውን አይበቃም። የሐይቅን ወንጌል ማይክሮፊልም በሩቅ አገር ማስቀመጥ ያስፈለገው፥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲገኝ ነው። መምህራንም የመዝገባቸውን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቤት ያኑሩ፤ መልካም ፓወር ሰፕላይ የዲስክን ዕድሜ ይጠብቃል፥ ሁለተኛ ቅጂ ግን ጽሑፉን ራሱን ይጠብቃል።