በአንድ ሳምንት የተባረሩ ሁለት አሰልጣኞች

እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2022፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 26 ቀን 2014፣ የፊላደልፊያው የቤዝቦል ቡድን ፊሊስ አሰልጣኙን ጆ ጂራርዲን አሰናበተ። የዚያኑ ዕለት ማታ በሜዳው የሚገጥመው ኤንጅልስ የተባለውን የሎስ አንጀለስ ቡድን ነበር። ኤንጅልስም ሽንፈት በሽንፈት ላይ እየደረበ የመጣ ቡድን ነው፤ ከአራት ቀን በኋላ እሱም አሰልጣኙን ጆ ማደንን አባረረ። ሁለቱም ተሰናባቾች ዋንጫ ያነሱ ሰዎች ናቸው፤ ጂራርዲ በ2009 ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር፣ ማደን በ2016 ከቺካጎ ከብስ ጋር። በሁለቱም ቡድኖች ተተኪው እዚያው ቤት በረዳትነት ሲሠራ የቆየ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ለየቅል ሆነ። ፊሊስ በዚያው ዓመት ለሻምፒዮናው ፍጻሜ፣ ለወርልድ ሲሪስ በቃ። ኤንጅልስ 73 ጨዋታ አሸንፎ፣ 89 ተሸንፎ ዓመቱን ዘጋ።

እኛ የእግር ኳስ ሰዎች «አሰልጣኝ ሲቀየር ቡድን ይነቃል» ማለት እንወዳለን። ስታዲየም ገብቶ «ይውረድ!» ብሎ ያልጮኸ ደጋፊ ጥቂት ነው። ይህን እምነት ለመፈተን ግን ቤዝቦል ከእግር ኳስ የበለጠ ይመቻል። ጨዋታው ብዙ ነው፣ ሁሉም ነገር ተቆጥሮ ይመዘገባል፣ የአሰልጣኙ ድርሻም የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለይቶ ማየት ይቻላል።

ቤዝቦልን በቴሌቪዥን ጨረፍ አድርጎ አይቶ ግራ ለተጋባ ሰው መሠረቱ ይህ ነው። ሁለት ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ይገጥማሉ። አንዱ ሜዳ ላይ ተሰልፎ ሲከላከል፣ የሌላው ተጫዋቾች ተራ በተራ ዱላ ይዘው ይወጣሉ። የተከላካዩ ቡድን ወርዋሪ ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው መትቶ ቤዝ የሚባሉትን አራት መቆሚያዎች ዞሮ ከጨረሰ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ከጣላት ሆምራን ይባላል፤ እሱም፣ ቤዝ ላይ ቆመው ሲጠብቁ የነበሩ ጓደኞቹም ያለ ከልካይ ዞረው ይገባሉ። ከአጥቂው ቡድን ሦስት ሰው ተረትቶ ሲወጣ ተራው ይለወጣል፤ ሁለቱም ቡድኖች መትተው ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ ሞላ ማለት ነው። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ የሚባል ነገር የለም፤ እኩል ከሆኑም አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላሉ።

የውድድር ዓመቱ ርዝመት ለእኛ ለማመን ይከብዳል። አንድ ቡድን ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም ማብቂያ ድረስ 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ማለትም በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ፍጥነት። በ2022 ከሁሉም የበለጠ ያሸነፈው የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ እንኳ 111 አሸንፎ 51 ጊዜ ተሸንፏል። ስለዚህ በቤዝቦል መሸነፍ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ የሚያስጨንቀው ሽንፈቱ ሲደጋገም ነው። በዚህ መሃል የሚመጣ አዲስ አሰልጣኝ ቡድኑን ሰብስቦ የሚያሠለጥንበት ሳምንት የለውም። ወጡ ከተጣደ በኋላ ማማሰያውን እንደመቀበል ነው፤ ሽንኩርቱንም ቅመሙንም የመረጠው ሌላ ሰው ነው።

አሜሪካኖቹ ማናጀር የሚሉት ይህ አሰልጣኝ እንደ ተጫዋቾቹ የቡድኑን መለያ ለብሶ ይቀመጣል። ተጫዋች አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ያ ከበላዩ ያለው ቢሮ ሥራ ነው። የእሱ ድርሻ ማን እንደሚሰለፍ፣ በምን ተራ እንደሚመታ፣ ማን እንደሚያርፍ መወሰን ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን ወርዋሪውን መቼ ማስወጣት እንዳለበት ማወቅ ነው። ወርዋሪ ክንዱ ይዝላል፤ ባይዝል እንኳ አንዱ መቺ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥመው አወራወሩን እየለመደው ይመጣል። አንዴ የወጣ ወርዋሪ ደግሞ ወደዚያ ጨዋታ አይመለስም። ቶሎ ካስወጡት «ምን አስቸኮለው?» ይባላል፣ ካቆዩት «ምን ሲጠብቅ ነበር?» ይባላል።

አሁን ወደ ፊላደልፊያ እንመለስ። ፊሊስ በ2022 ድሃ ቡድን አልነበረም። ብራይስ ሃርፐርን በ2019 ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሟል። በ2022 መጋቢት ላይም ካይል ሽዋርበርንና ኒክ ካስቴያኖስን ጨምሮ፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጉ ከመጠን በላይ በሚያወጡ ቡድኖች ላይ የሚጥለውን ግብር ጣሪያ አለፈ። ይህን ሁሉ አውጥቶ 22 አሸንፎ 29 ተሸነፈ። እዚህ ላይ የስንብቱን ምክንያት ማየት ይቻላል። ሃያ ስድስት ተጫዋች ማባረር አይቻልም፤ ውላቸው የተረጋገጠ ስለሆነ ቢያባርሯቸውም ገንዘቡን መክፈል ግዴታ ነው። የቡድኑ የበላይ ኃላፊ ዴቭ ዶምብራውስኪ ደጋፊው ፊት ሊያደርጉት የሚችሉት ከሁሉ ርካሹ እርምጃ አንድ ሰው መለወጥ ነበር።

ተተኪው ሮብ ቶምሰን ነው። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ያደገ፣ በተጫዋችነቱ ወደ ትልቁ ሊግ ያልደረሰ፣ ዕድሜውን በያንኪስ ቤት በተለያየ የአሰልጣኝነት ሥራ ያሳለፈ፣ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ለመውጣት ያሰበ የ58 ዓመት ሰው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ዓይነት።

በመጀመሪያው ማታ ኤንጅልስን 10 ለ 0 አሸነፉ። ይበልጥ የሚታወሰው ግን የጁን 5ቱ ጨዋታ ነው። ኤንጅልስ እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ 6 ለ 2 ይመራል። ሦስቱም ቤዞች ተይዘው ሃርፐር ዱላውን ይዞ ወጣ፤ አንዴ መትቶ ከአጥሩ ማዶ ጣላት፣ አራት ሰው ገባ፣ 6 ለ 6። ኤንጅልስ በዘጠነኛው አንድ ጨምሮ እንደገና መራ። ከዚያ ብራይሰን ስቶት ተራው ደረሰ። ስቶት የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለ፣ ዱላው አልያዝ ብሎት የከረመ፣ በዚያው ዓመት አንዴ ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ የተመለሰ ልጅ ነው። ሁለት ጓደኞቹ ቤዝ ላይ ሆነው እየጠበቁት ሆምራን መታ፤ 9 ለ 7፣ ጨዋታው አበቃ።

ቶምሰን የመራቸውን የመጀመሪያ ስምንት ጨዋታዎች አሸነፈ። ምን ቢያደርግ ነው? እንደ እውነቱ ከሆነ ብዙ አልነካም። ስቶትን በየቀኑ አሰለፈው፤ ሲሳሳትም አላነሳውም። ጨዋታ የሚዘጋውን ወርዋሪ «ይህ ቦታ የእገሌ ነው» ብሎ ከመያዝ ይልቅ እንደ ጨዋታው ሁኔታ ይመርጥ ጀመር። እነዚህ የእሱ ናቸው። የእሱ ያልሆኑም አሉ። ሽዋርበር በጁን ወር 12 ሆምራን መታ፤ በዓመቱ 46 መትቶ ናሽናል ሊግ በተባለው የትልቁ ሊግ ግማሽ አንደኛ ሆነ። የሽዋርበርን ክንድ ያበረታው የአሰልጣኝ ለውጥ ነው የሚል ሰው ካለ ማስረጃ ማምጣት አለበት፤ እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ተጫዋች ፈዝዞ ቢከርምም አንድ ቀን መንቃቱ አይቀርም። ጂራርዲ ቢቆይ ኖሮ ከዚያ ሆምራን የተወሰነው ለእሱ ይቆጠርለት ነበር።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የኔዘርላንድሱ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ባስ ተር ዌል ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የአገሩን የእግር ኳስ ሊግ መርምሮ ነበር። አሰልጣኝ ካባረሩ ቡድኖች ጎን፣ በተመሳሳይ ውድቀት ውስጥ ሆነው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩትን አስቀመጠ። ያባረሩት ተሻሻሉ። ያላባረሩትም ተሻሻሉ። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ጉድጓዱ ወለል ላይ ሲደርስ ነው፤ ከወለል በታች ደግሞ ብዙ መውረጃ የለም። ይህን ሳነብ ስንት አሰልጣኝ በከንቱ እንደተሰደበ አሰብኩ፤ ስንቱም በከንቱ እንደተመሰገነ።

ታዲያ ኤንጅልስ ለምን አልተነሳም? ማደን ሲባረር ቡድኑ 12 ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፎ ነበር። ተተኪው ፊል ኔቪን ከመጣ በኋላ ሽንፈቱ 14 ደረሰ። ያቆመውም አሰልጣኙ አይደለም። ጁን 9 ቀን ጃፓናዊው ሾሄ ኦታኒ ራሱ ወርውሮ፣ ራሱ ሆምራን መትቶ ቦስተንን 5 ለ 2 እንዲያሸንፉ አደረገ። ግን አንድ ኦታኒ፣ ከጎኑም ማይክ ትራውት ቢኖሩ፣ 162 ጨዋታ በሁለት ሰው አይገፋም። አንቶኒ ሬንዶን በእጅ አንጓ ጉዳት ለወራት ከሜዳ ራቀ፣ ትራውት በጀርባ ሕመም ለሳምንታት ጠፋ፤ ከኋላቸው የሚተካ ሰው አልነበረም። ፊላደልፊያም ሃርፐር በጁን 25 አውራ ጣቱ ተሰብሮ ሁለት ወር ያህል አጥቶታል፤ ነገር ግን ቡድኑ አልወደቀም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ቶምሰን የተረከበው ጎተራ እህል ነበረበት፣ ኔቪን የተረከበው ግን ባዶውን ነበር። ኦገስት 2 የዝውውር ቀነ ገደብ ሲደርስ ደግሞ ኤንጅልስ ብራንደን ማርሽንና ኖዋ ሲንደርጋርድን ሰጠ። ለማን? ለፊሊስ!

እንዲህ ዓይነት ባዶ ጎተራ የተረከበ ሌላም አለ። በ1988 የባልቲሞር ኦሪዮልስ ዓመቱን በስድስት ሽንፈት ሲጀምር አሰልጣኙን ካል ሪፕከን ሲኒየርን አባረረ፤ ሁለት ልጆቹ በዚያው ቡድን ይጫወቱ ነበር። ተተኪው ፍራንክ ሮቢንሰን፣ በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ የሆነ ታላቅ ሰው፣ 15 ተጨማሪ ጨዋታ ተሸነፈ። በድምሩ 21 ሽንፈት፣ ያለ አንድ ድል። በተቃራኒው በ2003 የፍሎሪዳ ማርሊንስ 16 አሸንፎ 22 እንደተሸነፈ የ72 ዓመቱን ጃክ ማኪዮንን አመጣና በዚያው ዓመት ያንኪስን ረትቶ ዋንጫ አነሳ።

ፊሊስ በቶምሰን ሥር 65 አሸንፎ 46 ተሸነፈ፤ ዓመቱን በ87 ድል ጨረሰ። በናሽናል ሊግ ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው ስድስተኛና የመጨረሻ ሆኖ ነው፤ ስድስተኛው ቦታ ደግሞ ገና በዚያው ዓመት የተጨመረ ነበር። በአሮጌው ሕግ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረ። ከዚያ ሴንት ሉዊስን፣ 101 ጨዋታ ያሸነፈውን አትላንታን፣ ሳንዲያጎን አከታትሎ ጣለና ሂውስተን አስትሮስ ፊት ቆመ።

ኖቬምበር 5፣ ስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ስድስተኛው ኢኒንግ። ፊሊስ 1 ለ 0 ይመራል። ወርዋሪው ዛክ ዊለር ገና 70 ኳስ ነው የወረወረው፤ አልደከመም። ነገር ግን ሁለት የሂውስተን ተጫዋቾች ቤዝ ላይ ናቸው፤ ተራውም የኩባው ዮርዳን አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ በግራ ይመታል፣ ዊለርን ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥመው ነው። በቤዝቦል የግራ መቺን የግራ እጅ ወርዋሪ ያስቸግረዋል፤ ከተጠባባቂዎቹ መካከል ደግሞ በግራ እጁ እሳት የሚወረውረው ሆሴ አልቫራዶ ዝግጁ ነው። ቶምሰን ወጥቶ ዊለርን አስወጣ። አልቫሬዝ የአልቫራዶን ኳስ በመሃል አጥር ላይ አሻግሮ እጅግ ሩቅ ጣላት። ሦስት ነጥብ። ጨዋታው 4 ለ 1 አልቆ ዋንጫው ሂውስተን ቀረ። እስከዛሬ ድረስ «ለምን አስወጣው?» የሚል የፊላደልፊያ ሰው አይጠፋም። እኔ ስሌቱ ትክክል ነበር ከሚሉት ነኝ፤ ትክክለኛ ስሌትም ይሸነፋል።

በመጨረሻ ለዋሽንግተንና አካባቢዋ አንባቢዎቻችን፣ የኢትዮጵያ ልጆች በብዛት በሚኖሩባት ከተማ ላላችሁ፣ የራሳችሁ ቡድን ታሪክ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ይናገራል። ናሽናልስ በ2019 ዓመቱን 19 አሸንፎ 31 በመሸነፍ ጀምሮ ነበር፤ ከ2022ቱ ፊሊስ የከፋ ነው። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚል ድምፅ ቢበዛም አላባረሩትም፤ በዚያው ዓመት ሂውስተንን አሸንፎ ዋንጫ አመጣ። ጁላይ 6 ቀን 2025፣ ቡድኑ 37 አሸንፎ 53 በተሸነፈበት ጊዜ፣ ያንኑ ማርቲኔዝን አሰናበቱት። በተተኪው በሚጌል ካይሮ ሥር ናሽናልስ 29 አሸንፎ 43 ተሸነፈ፤ ከመቶ ሲሰላ ከበፊቱ በትንሹ ያነሰ ነው።