የስቴሮይድ ዘመንና የቤዝቦል ደጋፊዎች ጥያቄ

በዩናይትድ ስቴትስ ቤዝቦልን የሚከታተል ደጋፊ ከሌሎች ስፖርቶች ተመልካች በበለጠ ለአኃዝ ትኩረት ይሰጣል። አባት ለልጁ የሚያወርሰው የክለብ ፍቅርን ብቻ ሳይሆን 60፣ 61፣ 714 እና 755 የሚሉ ቁጥሮችን ጭምር ነው። በመሆኑም ስቴሮይድ የተሰኘው አበረታች ቅመም በስፖርቱ ውስጥ መስፋፋቱ በታወቀ ጊዜ ደጋፊውን በቅድሚያ ያስቆጣው የተጫዋቾቹ ጤና ሳይሆን የመዝገቡ መበላሸት ነበር።

የእነዚህ ቁጥሮች ምንጭ «ሆም ራን» ነው። መቺው የተወረወረለትን ኳስ ከሜዳው አጥር በላይ አሻግሮ ሲልክ የሚመዘገብ ውጤት ነው። ቤብ ሩት እ.ኤ.አ በ1927 በአንድ የውድድር ዘመን 60 ሆም ራን በመምታት የያዘውን ክብረ ወሰን ሮጀር ማሪስ በ1961 ወደ 61 ከፍ አደረገው። ይህም ለ37 ዓመታት ሳይደፈር ቆየ። ከ1998 እስከ 2001 በነበሩት አራት የውድድር ዘመናት ግን የማሪስ ቁጥር ስድስት ጊዜ ታለፈ። ማርክ ማክጓየር 70 እና 65፣ ሳሚ ሶሳ 66፣ 63 እና 64፣ ባሪ ቦንድስ ደግሞ 73 በመምታት ነው ያለፉት።

የ1998ቱ የማክጓየርና የሶሳ ፉክክር የተካሄደው ስፖርቱ ደጋፊ ባጣበት ወቅት ነበር። በ1994 ተጫዋቾች በነሐሴ ወር የሥራ ማቆም አድማ በመምታታቸው የዓመቱ የመጨረሻ የዋንጫ ውድድር እስከ መሰረዝ ደርሶ፣ በሚሊየነሮች ጠብ የተሰላቸው ተመልካች ፊቱን አዙሮ ነበር። ሁለቱ መቺዎች ይህንን ተመልካች ወደ ስታዲየም መለሱት። በዚያው ዓመት አንድ ጋዜጠኛ በማክጓየር ቁም ሣጥን ውስጥ አንድሮስተንዳይዮን የተባለ ንጥረ ነገር ማየቱን ዘግቧል። ንጥረ ነገሩ በኦሊምፒክ የተከለከለ ሲሆን በቤዝቦል ግን አልተከለከለም ነበር። ዘገባው ለጥቂት ጊዜ ካነጋገረ በኋላ ብዙው ደጋፊ ወደ ፉክክሩ ተመለሰ። ማክጓየር በ1998 ጭምር ስቴሮይድ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በጥር 2010 ነው።

ስቴሮይድ በሰው ሠራሽ መንገድ የሚዘጋጅ፣ ቴስቶስትሮን ከሚባለው የወንድ ሆርሞን ጋር ተመሳሳይ ሥራ ያለው ንጥረ ነገር ነው። ጡንቻ ይገነባል፤ ከልምምድ በኋላ ሰውነት በፍጥነት እንዲያገግም ያግዛል። በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ለሚያካሂድ የቤዝቦል ተጫዋች ደግሞ ማገገም የጉልበትን ያህል ዋጋ አለው። በአንጻሩ በልብና በጉበት ላይ ጉዳት ሊያስከትል፣ የሰውነትን የሆርሞን ሥርዓት ሊያዛባና በአእምሮ ጤና ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር ይችላል።

የቁጥጥሩ መዘግየት ምክንያት በአስተዳደር ሥራ ላይ ለተሰማሩ አንባቢያን እንግዳ አይሆንም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 ስቴሮይድን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተርታ አስገብቶታል። የቤዝቦል ኮሚሽነር የነበሩት ፌይ ቪንሰንትም በ1991 ለክለቦች በጻፉት ደብዳቤ ክልከላው ስቴሮይድን እንደሚጨምር አሳውቀዋል። ይሁንና ደብዳቤው ምርመራ አላስከተለም። በአትሌቲክስ የምርመራው ደንብ የሚወጣው በዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑና በዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ በመሆኑ አትሌቱ የመደራደር ዕድል የለውም። በአሜሪካ ቤዝቦል ግን ምርመራ የሥራ ሁኔታ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚወሰድ የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር በኅብረት ስምምነት ካልተስማሙበት ተግባራዊ አይሆንም። ማኅበሩ ጉዳዩን የግል ነፃነት ጥያቄ አድርጎ ተመለከተው። ባለቤቶቹም ስታዲየሙ እየሞላ ባለበት ወቅት አጥብቀው የሚጠይቁበት ምክንያት አልታያቸውም።

በ2002 ኬን ካሚኒቲ የተባለው ተጫዋች በ1996 የሊጉ ኮከብ ሆኖ ሲመረጥ ስቴሮይድ ይጠቀም እንደነበር ለአንድ የስፖርት መጽሔት ገለጸ። በዚያው ዓመት የተደረሰው ስምምነት በ2003 ቅጣት የሌለው የናሙና ምርመራ እንዲካሄድና ውጤቱ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ አስገዳጅ ምርመራ እንዲጀመር ወሰነ። ውጤቱ ከተባለው መጠን በላይ ሆኖ በመገኘቱ አስገዳጁ ምርመራ በ2004 ተጀመረ። ቅጣቱ መጀመሪያ ላይ ለስም ያህል የሚባል ነበር። በ2005 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጥፋት 50 ጨዋታ፣ ለሁለተኛ 100 ጨዋታ፣ ለሦስተኛ የዕድሜ ልክ እገዳ እንዲሆን ተደረገ። በ2014 ደግሞ የመጀመሪያው ወደ 80፣ ሁለተኛው ወደ 162 ጨዋታ ከፍ ብሏል።

ለዚህ ጥብቅነት ያበቃው አንዱ ምክንያት በመጋቢት 2005 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት የተካሄደው የምስክርነት ስብሰባ ነው። ብዙዎች የሚያስታውሱት ማክጓየር ስላለፈው ጉዳይ ለመናገር ፈቃደኛ አለመሆኑንና ራፋኤል ፓልሜሮ ጣቱን እየቀሰረ ስቴሮይድ ተጠቅሞ እንደማያውቅ መናገሩን ነው። ፓልሜሮ ከወራት በኋላ በምርመራ ተገኝቶበት ታግዷል። ከታዋቂዎቹ ተጫዋቾች ቀደም ብለው የመሰከሩት ግን ስቴሮይድ ሲጠቀሙ ቆይተው ሕይወታቸውን ያጠፉ ወጣት ስፖርተኞች ወላጆች ነበሩ። ክርክሩ ከመዝገብና ከቁጥር ያለፈ መሆኑን የእነርሱ ቃል በግልጽ አሳይቷል።

የቀድሞው ሴናተር ጆርጅ ሚቸል የመሩት ጥናት ውጤት በታኅሣሥ 2007 ይፋ ሲሆን የ89 ተጫዋቾችን ስም ይዞ ነበር። ሪፖርቱ ችግሩ በሠላሳዎቹም ክለቦች መኖሩን ጠቅሶ ኃላፊነቱ የኮሚሽነሮች፣ የክለብ ባለሥልጣናት፣ የማኅበሩና የተጫዋቾች የጋራ መሆኑን አስታውቋል። የደጋፊው ድርሻ በዝርዝሩ አልተካተተም። ነገር ግን በዚያው በ2007 ወደ ስታዲየም የገባው ተመልካች ከ79 ሚሊዮን በላይ በመሆን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከነበረው ሁሉ ከፍተኛ ሆኖ ተመዝግቧል። በአፉ ያወገዘውን ደጋፊ የትኬት ሽያጩ አልመሰከረለትም።

የደጋፊው አቋም ለሁለት መከፈሉ በጉልህ የታየው በባሪ ቦንድስ ላይ ነው። ቦንድስ የሃንክ አሮንን 755 የሆም ራን ክብረ ወሰን በነሐሴ 2007 ሲያሻሽል የሳን ፍራንሲስኮ ተመልካች በደስታ ተቀብሎታል። በሌሎች ከተሞች ግን በፉጨትና በጩኸት ሲሰደብ ከመቆየቱም በላይ በ2006 በሳን ዲዬጎ ወደ ሜዳው ስሪንጅ ተወርውሮበታል። ቦንድስ አውቆ ስቴሮይድ መጠቀሙን ያላመነ ሲሆን በ2011 ፍትሕን በማደናቀፍ የተላለፈበት የጥፋተኝነት ውሳኔም በ2015 በይግባኝ ተሽሯል። ክብረ ወሰኑን የሰበረችውን ኳስ ማርክ ኤኮ የተባለ የልብስ ዲዛይነር በ752 ሺህ 467 ዶላር ገዝቶ ዕጣ ፈንታዋን ሕዝብ በድምፅ እንዲወስን አደረገ። በተሰጠው ድምፅ ብልጫ ያገኘው ኳሷ የጥርጣሬ መግለጫ የሆነው የኮከብ ምልክት ታትሞባት ለዝና አዳራሽ እንድትሰጥ የሚለው ሐሳብ ሲሆን፣ የተፈጸመውም ይኸው ነው።

ቦንድስንና መሰሎቹን የሚከላከሉ ደጋፊዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የሩት ዘመን ጥቁር ተጫዋቾች የተከለከሉበት ነበር፤ በሮቹ የተከፈቱት ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ሜዳ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላም አነቃቂ እንክብሎች በመልበሻ ክፍሎች የተለመዱ ሲሆኑ በምርመራ የታገዱት በ2006 ነው። ስለዚህ ንጹሕ የተባለው ዘመን የትኛው ነው ሲሉ ይጠይቃሉ። ይህ ክርክር ግን አንድ ሰው ይረሳል። ይኸውም ስቴሮይድ ያልተጠቀመውና በዚህ ሳቢያ በአንድ እርምጃ ዘግይቶ ቦታውን ያጣው ተጫዋች ነው። እርሱ በየትኛውም ዝርዝር ስሙ የለም፤ ይገባው የነበረውን ደመወዝ የሚያሰላለትም አልተገኘም።

የፍርዱ መድረክ በአሁኑ ጊዜ የዝና አዳራሽ ሆኗል። ለመግባት ድምፅ ከሚሰጡ የቤዝቦል ጸሐፊዎች 75 በመቶውን ማግኘት ያስፈልጋል። ቦንድስ በ2022 በመጨረሻው ዕድሉ 66 በመቶ፣ ኳስ ወርዋሪው ሮጀር ክሌመንስ 65.2 በመቶ አግኝተው ሳይገቡ ቀርተዋል። ክሌመንስ ክሱን አስተባብሎ በ2012 በሐሰት ምስክርነት ከቀረበበት ክስ በነፃ ተሰናብቷል። በአብዛኛው በዚያ ዘመን ኮሚሽነር የነበሩት በድ ሲሊግ ግን በ2017 በክብር ገብተዋል። ተጫዋቹን ከውጭ አስቀርቶ አስተዳዳሪውን የሚያስገባው ይህ አሠራር በበርካታ ደጋፊዎች ዘንድ ተቃውሞ ቢቀርብበት የሚያስገርም አይደለም።

አሮን ጃጅ በ2022 62 ሆም ራን በመታበት ወቅት ከደጋፊዎች መካከል እውነተኛው ክብረ ወሰን ይህ ነው ያሉ አልጠፉም። በመዝገቡ ላይ ግን የቦንድስ 73 እንደሰፈረ ነው። ሶሳ በበኩሉ ስቴሮይድ የሚለውን ቃል ሳይጠቅስ ስሕተት መፈጸሙን በታኅሣሥ 2024 በመግለጫ ካስታወቀ በኋላ፣ ለረጅም ዓመታት ተራርቆት የቆየው የቺካጎ ኩብስ ክለብ በጥር 2025 ባዘጋጀው የደጋፊዎች ጉባኤ ላይ ተገኝቶ በሞቀ ጭብጨባ ተቀባይነት አግኝቷል።