መብራት ሲጠፋ ዓሣው ምን ይተነፍሳል?

መብራት ሲጠፋ አስቀድመን የምናስታውሰው ሻማውን ነው፤ ቀጥሎ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ሥጋ። በሳሎኑ ጥግ ያለው የዓሣ ገንዳ ወይም አኳሪየም ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲገጥሙ ነው። ይህን ያየ ሰው ርቧቸው ይሆናል ብሎ ምግብ ይበትንላቸዋል። ከዚህ የከፋ እርዳታ የለም፤ የጎደላቸው ኦክስጅን ነውና፣ ምግቡን ለመፍጨትም ተጨማሪ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። (ቤታና ጉራሚ የተባሉት ዝርያዎች ከገጹ አየር መጉረሳቸው የተፈጥሮ ልማዳቸው ነው፤ ለሌሎቹ ግን የጭንቅ ምልክት ነው።)

ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ መጠነ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ከአየር ወስዶ የሚይዘው 9 ሚሊግራም ያህል ነው፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። የሞቀ ለስላሳ ጋዙን ቶሎ የሚለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንጻሩ የዓሣ ሰውነት ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚሞቅ የኦክስጅን ፍላጎቱ የሚጨምረው ልክ አቅርቦቱ በሚቀንስበት ሰዓት ነው።

ለአገራችን አንባቢ ደግሞ የከፍታ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሚሟሟው ጋዝ ከግፊቱ ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ፣ ከላይ የጠቀስነው 9 ሚሊግራም እዚህ ወደ 7 ይጠጋል። በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ 30 ዲግሪ የደረሰ ውኃ 6.5 ያህል ይይዛል። ልዩነቱ ትንሽ ነው! እንግዲህ የአዲስ አበባ ነዋሪ «የእኛ አየር ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ሊዘናጋ አይገባውም፤ ቅዝቃዜው የሰጠውን ከፍታው ይወስድበታል።

የአየር ፓምፑ አረፋዎች ኦክስጅኑን በቀጥታ ወደ ውኃው የሚያስገቡ ይመስለናል። ዋና ሥራቸው ግን ውኃውን ከታች ወደ ላይ እያገላበጡ ከአየር ጋር ማገናኘት ነው። ፍጹም በረጋ ውኃ ውስጥ ኦክስጅን በሞለኪውሎች የዘፈቀደ እንቅስቃሴ ብቻ 30 ሴንቲሜትር ወደ ታች ለመዝለቅ ወራት ይፈጅበታል። እርግጥ ነው፣ ዓሦቹ ሲዋኙ ውኃውን ስለሚያንቀሳቅሱ በእውነተኛ ገንዳ ሁኔታው ይህን ያህል አይከፋም። ቢሆንም ፓምፑን የሚተካ ቀላል መሣሪያ በየቤቱ አለ፤ እርሱም ኩባያ ነው። ክዳኑን አንስቶ በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ከገንዳው ውኃ ደጋግሞ እየቀዱ ከስንዝር ከፍታ መልሶ ማፍሰስ ይበቃል።

ክዳኑን ማንሳት ሙቀቱንም ይቀንሳል። 60 ሊትር ውኃ በ1 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ 250 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት መውጣት አለበት፤ 100 ግራም ውኃ ሲተን ይህንኑ ያህል ይዞ ይሄዳል። በደረቅ አየር ትነቱ ይፈጥናል፤ በርጥብ አየር ግን ብዙ አይጠበቅበትም። አስቀድሞ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ የተዘጋጀ በረዶ ካለ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ማንሳፈፍ መጠነ ሙቀቱን በ1 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። ብዙ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ መጨመር ግን ድንገተኛ ለውጥ ስለሚያስከትል ዓሦቹን ይጎዳል።

መብራቱ ሲመለስ ሌላ አደጋ አለ። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩት፣ የዓሦቹን አሞኒያ የሚያስወግዱት ባክቴርያዎችም ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ውኃው ለሰዓታት ከቆመ ይሞታሉ፤ የተበላሸው ውኃም ማጣሪያው እንደተነሣ ወደ ገንዳው ይገባል። ስለዚህ መብራቱ እንደጠፋ ስፖንጁን አውጥቶ በገንዳው ውኃ ውስጥ ማንሳፈፍ፣ መብራቱ ሲመለስም የማጣሪያውን አሮጌ ውኃ ደፍቶ ስፖንጁን መመለስና ከዚያ በኋላ ማስነሣት ይገባል።